ዘጠኝ ጎል ገብቶበት አንድም ያላገባ ቡድን

ከመካኒሳ አቦ ታክሲ ስሳፈር ደጋግሜ ከምሰማቸው ክርክሮች አንዱ የብሔራዊ ቡድናችን የአጥቂ ችግር ነው። ክለብ የጎደለውን በዝውውር ይሞላል፤ ብሔራዊ ቡድን ግን ገበያ የለውም፤ ያለው የአገሩ ልጅ ብቻ ነው። ይኸው ችግር ከ60 ዓመት በፊትም ነበር፤ ያኔ ግን መፍትሔ አግኝቷል።

የካቲት 1949 ዓ.ም ካርቱም ላይ በተደረገው የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ኢትዮጵያ ለፍጻሜ የደረሰችው ኳስ ሳትነካ ነው፤ ተጋጣሚዋ ደቡብ አፍሪካ በዘር መድልዎዋ ምክንያት ከውድድሩ ወጥታ ነበር። ፍጻሜውን ግብፅ 4 ለ 0 አሸነፈች፤ አራቱንም ያገባው አድ ዲባ ነው። ግንቦት 1951 ካይሮ ላይ እንደገና በግብፅ 4 ለ 0፣ በሱዳን 1 ለ 0 ተሸነፍን። በሦስት ጨዋታ ዘጠኝ ጎል ገባብን፤ እኛ አንድም አላገባንም።

መፍትሔው ከአዲስ አበባ ክለቦች ብቻ አልመጣም። ኤርትራ መስከረም 1945 በፌዴሬሽን ከተዋሐደች ወዲህ የአገር አቀፉ ሻምፒዮና ሩቅ ያለውን ተጫዋች ለመራጮች ዓይን አቀረበው። የኤርትራው ሐማሴን በ1940ዎቹ ሁለት ጊዜ ዋንጫ በላ፤ በ1952 ደግሞ ተራው የድሬዳዋ ጥጥ ፋብሪካ ሆነ። የአስመራው ልጅ ሉቻኖ ቫሳሎም የዚህን ፋብሪካ ማሊያ ለብሷል።

ጥር 1954 የአፍሪካ ዋንጫ አዲስ አበባ መጣ። አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ያሰለፉት ቡድን አስመራን፣ ድሬዳዋንና አዲስ አበባን አንድ ላይ ያደረገ ነበር፤ አምበሉ ሉቻኖ፣ ከጎኑ ወንድሙ ኢታሎ፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ መንግሥቱ ወርቁ። የተሳተፉት አራት አገሮች ብቻ ናቸው፤ ለዋንጫው ሁለት ድል በቃ። ይህ ግን የቡድኑን ሥራ አያሳንሰውም። ቱኒዚያ ቀድማ አግብታ ሳለ 4 ለ 2 ተሸነፈች።

ጥር 13 በፍጻሜው ግብፅ ሁለት ጊዜ መራች። መጀመሪያ ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ፤ ወዲያው ግብፅ መልሳ አገባች፤ መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ሉቻኖ 2 ለ 2 አደረገው። በጭማሪው ሰዓት ኢታሎ፣ ከዚያም መንግሥቱ አገቡ፤ 4 ለ 2። ካይሮ ላይ አንድም ጎል ያላገባ ቡድን በሁለት ጨዋታ ስምንት አገባ። ዋንጫውን ንጉሠ ነገሥቱ ለሉቻኖ አስረከቡ።

ከ1974 የሊቢያው ውድድር በኋላ ኢትዮጵያ ለ31 ዓመት ከአፍሪካ ዋንጫ ራቀች። በዚያው መካከል፣ በ1985፣ ሉቻኖን ያፈራችው አስመራ የሌላ አገር ዋና ከተማ ሆነች። ሉቻኖ በደርግ ዘመን ተሰዶ ጣሊያን ገባ፤ መስከረም 2015 ሮም ውስጥ በ87 ዓመቱ አረፈ።