ባሕር ዛፉን ማን ቆጠረው? የጉንችሬ ገበሬና የእንጨቱ ዋጋ

በጉንችሬ ዙሪያ ባሕር ዛፍ ብዙ ጊዜ የሚሸጠው ገንዘብ ሲያስፈልግ ነው። የመስቀል ሰንጋ፣ የልጅ ትምህርት ወይም የሕክምና ወጪ ሲመጣ፣ ከእንሰቱ ጓሮ ባሻገር የቆመው ዛፍ እንደ ባንክ ደብተር ያገለግላል። ችግሩ ደብተሩ ላይ ስንት ብር እንዳለ የሚያነበው ባለቤቱ ሳይሆን ገዢው መሆኑ ነው። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? ታሪኩ የሚጀምረው ከአዲስ አበባ ነው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በዙሪያዋ የነበረው ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ ተጨፍጭፎ አለቀ። እንጨት ከመራቁ የተነሳ ዳግማዊ ምኒልክ መዲናቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው እዚያ ቤተ መንግሥት እስከ ማሠራት ደርሰው ነበር። ከተማዋ ባለችበት እንድትቀር ከረዱት ነገሮች አንዱ በ1880ዎቹ መጨረሻ አካባቢ የገባው የአውስትራሊያ ዛፍ ነው። ቶሎ ይደርሳል፣ ሲቆረጥም ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። ከባሕር ማዶ ስለመጣም ስሙ ባሕር ዛፍ ሆነ።

በከተማው ሠርቶ የሚያድረው ጉራጌ የአጣናን ገበያ በዓይኑ ያይ ነበር። ነገር ግን መንገድ የማይደርስበት ዛፍ ማገዶ እንጂ ሸቀጥ አይሆንም። ይህን እንቅፋት ለመግፋት ሕዝቡ መንግሥትን ብቻ አልጠበቀም። በ1950ዎቹ የተቋቋመው የጉራጌ መንገድ ሥራ ድርጅት ከአገር ቤትና ከአዲስ አበባ ተወላጆች ገንዘብ እያሰባሰበ መንገድ አሠራ። በኋላ የጉራጌ ሕዝብ ራስ አገዝ የልማት ድርጅት የሆነው ይኸው ነው። መንገዱ ሲገባ ጭነት መኪና ገባ፤ ከመኪናው ጋር ደግሞ ነጋዴና ደላላ ገቡ።

ቀጥሎ የመጣው የባለቤትነት ጥያቄ ነው። የየካቲት 1967ቱ አዋጅ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት አደረገ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬቱን አይሸጥም አይለወጥም ቢልም፣ ሰው በጉልበቱና በገንዘቡ መሬቱ ላይ ያፈራውን ንብረት የራሱ አድርጎ አወቀለት። በ2010 የወጣው የደን አዋጅም የግል ደን ባለይዞታነትን በግልጽ ያውቃል። ባጭሩ መሬቱ የሕዝብ፣ ዛፉ የገበሬው ነው።

እንግዲህ ገበሬው ዛፍ አለው፣ መንገድ አለው፣ መብትም አለው። የቀረው መለኪያ ነው።

ሽያጩ ብዙ ጊዜ በቁም፣ በጅምላና በዓይን ግምት ይካሄዳል። ገዢው ማሳውን ዞሮ ስንቱ ማገር፣ ስንቱ ቋሚ፣ ስንቱ ወራጅ እንደሚወጣው በሆዱ ያሰላል። የአዲስ አበባን የዕለት ዋጋም በስልክ ያውቃል። ሻጩ የሚያውቀው የጎረቤቱን ያለፈ ዓመት ሽያጭ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ዓይን ያታልላል፤ ቁመቱ እኩል ሆኖ ውፍረቱ እጥፍ የሆነ ግንድ የሚይዘው እንጨት ሁለት ሳይሆን አራት እጥፍ ነው። «ያው ዛፍ ነው» ተብሎ በአንድ ዋጋ የሚሄደው ወፍራሙ ነው።

ወቅቱም በሻጩ ላይ ይፈርዳል። መስቀል የሚመጣው በክረምቱ መውጫ፣ ጭቃው ገና ሳይደርቅና መኪና ወደ ውስጥ ለመግባት ሲቸገር ነው። በዚያ ሰሞን የሚሸጥ ሰው የመኪናውን ችግር በራሱ ዋጋ ላይ ይከፍላል።

ቡና አንድ ትምህርት ይሰጣል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የምርት ደረጃና የዕለት ዋጋ በይፋ ይነገራል። የቡና ገበሬ ችግር ባያልቅም ቢያንስ ዋጋውን መስማት ችሏል። ለአጣና እንዲህ ያለ መድረክ የለም።

እስኪኖር ድረስ ግን መንገድ በመዋጮ ላሠራ ሕዝብ ቆጠራ አያቅተውም። ገዢ ከመጥራት በፊት ዛፉን በውፍረቱ ለይቶ መቁጠር፣ ከአንድ በላይ ገዢ ማጫረት፣ ጎረቤታሞች ተባብረው ሙሉ ጭነት ማቅረብና ከተማ ያለ ዘመድን የዕለቱን ዋጋ መጠየቅ ይቻላል። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ ማን እንደሚቆርጥ፣ ጉቶው እንዴት እንደሚተርፍም ይጻፍበት። ጉቶው ከተበላሸ ገዢው የዘንድሮውን ብቻ ሳይሆን የሚቀጥለውንም ምርት በነጻ ወሰደ ማለት ነው።

አባቶች መንገዱን ያወጡት ዛፉ እንዲወጣ ብቻ አልነበረም፤ ዋጋውም በዚያው መንገድ እንዲመለስ ነበር።