የሕዝብ እንደራሴና የሕዝብ ጤና

ለምክር ቤት የሚወዳደር ሰው በሕዝብ ፊት ቆሞ ከሚሰጠው ተስፋ ሁሉ ፈጥኖ ወደ ልብ የሚገባው ስለ ጤና የሚናገረው ነው። «ብትመርጡኝ ሐኪም ቤት አሠራለሁ፤ መድኃኒት እንዲበዛ አደርጋለሁ» ያለ እንደ ሆነ፣ ልጁ በንዳድ የተያዘበት አባት ሌላውን ነገር ሁሉ ትቶ ያን ቃል ይይዛል። ነገር ግን ከተስፋው በስተኋላ ሁለት ጥያቄዎች አሉ። ገንዘቡ ከማን ኪስ ይወጣል? አገልግሎቱስ ለማን ይደርሳል? የእነዚህን ጥያቄዎች ክብደት ለመረዳት የዲላንና የጌዴኦን አገር ታሪክ መመልከት ይጠቅማል።

እንደሚታወቀው በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት መሠረት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባሎች በሕዝብ ድምፅ እንዲመረጡ ተወሰነ፤ የመጀመሪያውም ምርጫ በ1950 ዓ.ም. ተደረገ። ሴቶችም የመምረጥና የመመረጥ መብት ስለ ተሰጣቸው ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ወደ ምክር ቤቱ ለመግባት የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። ይሁን እንጂ የፖለቲካ ፓርቲ አልነበረም፤ ዕጩው የሚቀርበው በራሱ ስም ነበር። ከዚህም በላይ 1,000 ብር የሚገመት የማይንቀሳቀስ ወይም 2,000 ብር የሚገመት የሚንቀሳቀስ ንብረት እንዲኖረው ይፈለግ ነበር። እንግዲህ ሐኪም ቤት እጅግ የሚያስፈልገው ድኻ፣ ድምፅ ለመስጠት እንጂ ለመመረጥ በሩ ጠባብ ነበር ማለት ነው።

በዚያው ዘመን የመንግሥት የጤና ሥራ ገና በመቋቋም ላይ ነበር። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ራሱን ችሎ የቆመው በ1940 ዓ.ም. ነው። በ1947 ዓ.ም. ደግሞ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፍቶ የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና አጠባበቅ ሠራተኞችን ማሠልጠን ጀመረ። ሐሳቡም ሐኪም እስኪበዛ ድረስ ሳይጠብቁ፣ ለ50,000 ሰው አንድ ጤና ጣቢያ እየከፈቱ በሽታን ከመከላከል መነሣት ነበር። የዚህም ሐሳብ ትክክለኛነት ወዲያው ታየ፤ በ1950 እና በ1951 ዓ.ም. መካከል በደጋና በወይና ደጋው የአገራችን ክፍል የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150,000 ያህል ሕይወት አጥፍቷል ተብሎ ተገምቷል። አዲሶቹ እንደራሴዎች ወንበራቸው ላይ ከተቀመጡ ገና አንድ ዓመት እንኳ አልሞላቸውም ነበር።

ሥራው ገንዘብ ይጠይቃልና ጥቂት ቆይቶ የጤና ግብር ታወጀ። ይኸውም ከእርሱ በፊት እንደ ወጣው የትምህርት ግብር፣ መሬቱ ለም፣ ለም ጠፍ ወይም ጠፍ መሆኑ እየታየ በመሬት ላይ የሚጣል ነበር። ለሕዝብ ጤና ሁሉም የድርሻውን ያዋጣ ማለት በራሱ የሚነቀፍ አይደለም። ዳሩ ግን በዚያን ጊዜ ደራሳ እየተባለ በሚጠራው፣ ከሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት አውራጃዎች በአንዱ፣ ቡናውን ተክሎ፣ እንሰቱን ኮትኩቶ የሚኖረው ገበሬ በብዛት ጭሰኛ ነበር። ግብሩ በሕግ የባለመሬቱ ዕዳ ቢሆንም እንኳ በጭሰኛ አገር ብዙ ጊዜ ወደ አራሹ ትከሻ ይዞር ነበር። ጤና ጣቢያው ግን የሚከፈተው በከተማና በመኪና መንገድ ዳር ስለ ሆነ፣ ከፋዩ ሌላ፣ ተጠቃሚው ሌላ ሆነ። የጌዴኦ ገበሬ በመሬትና በምርት ክፍያ ምክንያት ያደረበት ምሬት በ1952 ዓ.ም. በሚጪሌ ደም እስከ መፋሰስ ደርሷል። የጠቡ መነሻ የጤና ግብር ነበር አንልም፤ ነገር ግን ሸክሙ ያለ ፍትሕ የተደለደለበት ሕዝብ በመልካም ስም የመጣለትንም መዋጮ በጥርጣሬ ማየቱ አያስደንቅም።

የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ጭሰኝነትን ሻረ። ከዚያም በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት ለሕዝብ ጤናና ለትምህርት በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ ግዴታ ጣለበት። ሥልጣንንም ከፍሎ፣ አገር አቀፍ የጤና መመዘኛና መሠረታዊ ፖሊሲ ማውጣትን ለፌዴራል መንግሥት፣ የክልሉን ፖሊሲና በጀት ማውጣትን ለክልሉ ሰጠ። ስለዚህ ዛሬ ለክልል ምክር ቤት የሚወዳደር ሰው ስለ ጤና የሚናገረው ነገር በእጁ ካለው ሥልጣን ጋር መመዘን አለበት። ለምሳሌ በዲላ ያለው የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል በጀት ከፌዴራል መንግሥት የሚመጣ ነው፤ የክልል ዕጩ «እኔ አስፋፋዋለሁ» ቢል በሌላው ጎተራ ተስፋ መስጠቱ ነው። በቡሌ ወይም በኮቸሬ ያለው ጤና ጣቢያ ግን በቀጥታ የክልሉና የወረዳው ጉዳይ ነው።

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ሁለት ሠራተኞችን፣ በብዛትም ሴቶችን፣ እየመደበ አገልግሎቱን ወደ ገበሬው ደጃፍ አቀረበው። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ በአራት ክልሎች 13 ወረዳዎች ለሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን፣ ቤተሰቡ ሳይታመም በፊት በየዓመቱ መዋጮ ከፍሎ በታመመ ጊዜ እንዲታከም አደረገ። መክፈል የማይችለውን ድኻ መዋጮ ክልሉና ወረዳው ከበጀታቸው ይሸፍኑለታል። የቡና ገበሬ ገንዘብ የሚያገኘው በለቀማ ወራት፣ በሽታ ግን ወር ሳይመርጥ የሚመጣ ነውና፣ ይህ ሥርዓት ለጌዴኦ የሚስማማ ነው። የጥንቱን የጤና ግብር ስሕተት እንዳይደግም ግን መድኃኒት በጤና ጣቢያው መገኘት አለበት። መዋጮውን ከፍሎ መድኃኒቱን ከግል መደብር እንዲገዛ የሚታዘዝ ገበሬ በሚቀጥለው ዓመት አይከፍልም።

ጌዴኦ በጠባብና በገደላማ መሬት ላይ እጅግ ብዙ ሕዝብ ተጨናንቆ የሚኖርበት አገር ነው። በ2010 ዓ.ም. በተነሣው ግጭት ከምዕራብ ጉጂ በመቶ ሺሕ የሚቆጠር ሰው ተፈናቅሎ በይርጋ ጨፌና በጌዴብ በየትምህርት ቤቱና በየቤተ ክርስቲያኑ በተጠለለ ጊዜ፣ ንጹሕ ውሃና መጸዳጃ ከመድኃኒት እኩል እንደሚያስፈልግ ታይቷል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮም ዞኑ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ስለሚገኝ፣ በአዲሱ ምክር ቤት ስለ ጤና በጀት ተከራክሮ የሚያስረዳ እንደራሴ ያስፈልገዋል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ አንተም የመንግሥት ሥራ የምታውቅ እንደ መሆንህ፣ ዕጩው ስለ ጤና ሲናገር በስብሰባው ተነሥተህ ጠይቀው። የምትጠቅሰው ሥራ በምክር ቤትህ ሥልጣን ውስጥ ነውን? ገንዘቡን ከየትኛው ወጪ ቀንሰህ ታመጣዋለህ? የድኾቹ መዋጮ በጀት ውስጥ መግባቱን በምን ታረጋግጣለህ? ሕንጻው ካለቀ በኋላ ለሠራተኛው ደመወዝ፣ ለመድኃኒቱም ዋጋ ማን ይመድባል? የጌዴኦ ሽማግሎች በሶንጎ ተቀምጠው ነገርን ከሥሩ እንደሚመረምሩ፣ የምርጫም ስብሰባ እንዲሁ ቢሆን መልካም ነው። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ፤ የተስፋውን ዋጋ የሚደብቅ ዕጩም ለሕዝቡ ጤና አይበጅም።