የሽቶ ተሸካሚዎች፤ ከቅባት ወደ አልኮል

ስለ ሽቶ ሲነገር ዘወትር የሚወሳው አበባው፣ ሙጫውና ቅመሙ ነው። መዓዛውን ተሸክሞ ከገላ ላይ የሚያሳርፈው ነገር ግን እምብዛም አይታሰብም። ይሁን እንጂ የሽቶ ሥራ ታሪክ ከሞላ ጎደል የዚህ ተሸካሚ ታሪክ ነው። ለብዙ ሺህ ዓመታት ይህን ተግባር ሲፈጽም የኖረው ቅባት፣ ባለፉት ጥቂት ምእት ዓመታት በዓለም ገበያ ቦታውን ለአልኮል ለቋል። ለውጡ አሮጌው በተሻለው የተተካበት ተደርጎ ይነገራል፤ ሲመረመር ግን ነገሩ ከዚህ የተለየ ነው።

በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 30 የተደነገገው የቅብዐት አሠራር 500 ሰቅል ከርቤ ከቀረፋና ከሌሎች ቅመሞች ጋር በወይራ ዘይት እንዲዋሐድ ያዝዛል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ዓመት ገደማ የነበረው ግሪካዊው ቴኦፍራስጦስም ስለ መዓዛዎች በጻፈው ድርሳን፣ ሽቶ ቀማሚዎች ዘይትን እንዴት እንደሚመርጡ አትቷል። በኢትዮጵያ አደስ የገባበት ቅቤ ለጠጕር ቅባት ሲያገለግል የኖረው በዚሁ ሕግ መሠረት ነው። ስብ መዓዛን ስቦ ይይዛል፤ በዝግታም ይለቃል። ጉድለቱ ሲቆይ በአየር መበላሸቱና ቀላል መዓዛዎችን አፍኖ ማስቀረቱ ነው።

የለውጡ በር የተከፈተው በንጠራ ጥበብ ነው። በ9ኛው ክፍለ ዘመን በባግዳድ የኖረው አልኪንዲ ስለ ሽቶ ኬሚስትሪና ስለ ንጠራ መጽሐፍ ጽፏል። በ12ኛው ክፍለ ዘመን በኢጣልያ ከወይን ጠጅ አልኮል ማንጠር ታወቀ። በ78 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚፈላው ይህ ፈሳሽ የመዓዛ ዘይቶችን አሟሙቶ፣ ገላ ሲነካ ፈጥኖ በመትነን ሽታውን ወደ አየር ይለቃል። እ.ኤ.አ. በ1709 በኮሎኝ ከተማ የተመሠረተው የፋሪና ቤት የሎሚ፣ የብርቱካንና የቤርጋሞት መዓዛ ያለውን ውኃ ለአውሮፓ ያስተዋወቀው በዚህ ጠባይ በመጠቀም ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ እንደ ኩማሪንና ቫኒሊን ያሉ በላቦራቶሪ የተሠሩ መዓዛዎች ሲመጡ አልኮል በቀላሉ አሟሟቸው። እ.ኤ.አ. በ1889 የወጣው የጌርለን ቤት «ጂኪ» የዚህ ዘመን ምልክት ነው።

ኢትዮጵያ በዚህ ታሪክ ውስጥ ያላት ድርሻ የሚታየው በዝባድ ነው። በቀንድ ታሽጎ ወደ ውጭ የሚላከው ዝባድ ሳይቀጥን ሲሸተት ይከረፋል፤ በአልኮል እጅግ ሲቀጥን ግን ለሌሎች መዓዛዎች ሙቀትና ጽናት ይሰጣል። እንግዲህ ጥሬ ዕቃው ከኢትዮጵያ ሲሄድ፣ ዋጋውም ስሙም የሚገኘው አሟሚውና ቀማሚው ባሉበት አገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1926 ሩዚችካ የዝባድን ዋና መዓዛ፣ የሲቬቶንን፣ ኬሚካዊ ቅርጽ ከገለጸ በኋላ ሰው ሠራሽ ምትክ እየተስፋፋ ሄደ። ጥሬ ዕቃ ብቻ የሚያቀርብ አገር በሌላው ዕውቀት ገበያውን ሊያጣ እንደሚችል ይህ ያስረዳል።

ቅባት ግን አልጠፋም። በሰሜን ሕንድ በካናውጅ ከተማ የጽጌረዳ አበባ በመዳብ ጋን ይፈላና እንፋሎቱ በቀርከሃ ቧንቧ አልፎ ወደ ሰንደል ዘይት ይገባል፤ ሰንደል በመወደዱም በብዙ ቦታ ፓራፊን ይተካዋል። በባሕረ ሰላጤው አገሮችም የዘይት ሽቶ ከአልኮሉ ጎን ለጎን ይሸጣል፤ አልኮልን በሃይማኖት ምክንያት የሚሸሹ ሰዎችም ይመርጡታል።

ስለዚህ ሁለቱ የአንድ መሰላል ታችኛና ላይኛ እርከን አይደሉም። አልኮል መዓዛን ለአላፊ አግዳሚው ያውጃል፤ ቅባት ለባለቤቱና ለቅርብ ሰው ያቆየዋል። በመድኃኒት ቅመማ ያው ንጥረ ነገር በቅባት ወይም በአልኮል ሲቀርብ ሥራው እንደሚለያይ ሁሉ፣ በሽቶም ተሸካሚው ተራ ዕቃ ሳይሆን የውጤቱ ግማሽ ነው። የዝባድም ታሪክ የሚያስተምረው ይህንኑ ነው፤ ከጥሬ ዕቃው ጋር የማሟሟቱንና የመቀመሙን ሙያ ያልያዘ አገር ከመዓዛው የሚቀርለት ጥቂት ነው።