ቁራኛ፣ ዋስና ደብተር

ታሞ ብዙ ጊዜ የተኛ ሰው ሲያጋጥመን «የአልጋ ቁራኛ ሆነ» እንላለን። ቃሉን ልጅ አዋቂው ያውቀዋል፤ ከየት እንደመጣ ግን የሚጠይቅ ብዙ የለም። ቁራኛ ድሮ የፍርድ ነገር ነበር፣ ከሁሉ ይበልጥ ደግሞ የዕዳ ነገር።

በአፄ ምኒልክ ዘመን አንድ ሰው ተበድሮ ቀኑ ሲደርስ መክፈል ካቃተውና ዋስ ካጣ፣ አበዳሪውና ባለዕዳው አንድ ላይ ይታሰሩ ነበር። እስር ቤት ገብተው አይደለም። የአንዱ እጅ ከሌላው እጅ ጋር በሰንሰለት ይያያዛል፤ ዳኛ ፊት እስኪደርሱ ደግሞ የሁለቱ ነጠላ ጫፍ ለጫፍ ይቋጠራል። ከዚያ በኋላ አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይቀመጣሉ፣ አብረው ይተኛሉ። በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ የመጡ ፈረንጆች ነገሩ ገርሟቸው ፎቶ አንስተዋቸዋል። ሁለት ሰው በአንድ ሰንሰለት ተያይዞ ቆሞ የሚታይበት ፎቶ ዛሬም አለ። ሀብታም አበዳሪ ራሱ መቆራኘት ሲያስጠላው አሽከሩን በእሱ ፋንታ ያስቆራኝ ነበር። የአሽከሩን ነገር ሳስበው በጣም ነው የማዝነው። ገንዘቡ የሱ አይደለም፣ ዕዳውም የሱ አይደለም፣ ሰንሰለቱ ግን የሱ ነው። የሰው ቤት የሚሠራ ሰው ዕጣ ድሮም እንዲህ ነበር።

ቁራኛ ጥሩ ነበር እያልኩ አይደለም፣ ውርደት ነው። ግን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፣ እህቶቼ። አበዳሪውም ታስሯል። ዕዳው ሁለቱንም ያሰለቻል። ስለዚህ «ዋስ ጥራና ቀን እንቁረጥ» የሚለው ነገር ለሁለቱም ይጠቅማል። ዋስ ማለት «እሱ ባይከፍል እኔ እከፍላለሁ» ብሎ በሰው ፊት የቆመ ሰው ነው። ዋስ ሲገኝ ሰንሰለቱ ይፈታል። ቀኑም ዝም ብሎ አይቆረጥም፣ እህል የሚገባበት ጊዜ ታይቶ ነው። ገበሬ በሐምሌ ክፈል ቢባል ከየት ያመጣል? ዕዳው ስንት እንደሆነ፣ መቼ እንደሚከፈል፣ ማን እንደሰማ ይታወቃል። ዛሬ የብዙዎቻችን ዕዳ እነዚህ ሦስቱም የሉትም።

አራጣ ደግሞ ሌላ ነው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ሃይማኖቱ ይከለክለዋል። በእስልምና ሪባ ሐራም ነው፣ ፍትሐ ነገሥትም አራጣን ያወግዛል። መከልከል ሌላ መቅረት ሌላ ሆኖ ነው እንጂ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የብድር ወለድ በዓመት ከመቶ 12 እንዳይበልጥ ደንግጓል፣ የወንጀል ሕጉም አራጣ አበዳሪን ይቀጣል። አሁን እናስላው። 50,000 ብር የተበደረ ሰው በሕጉ ጣሪያ ቢሄድ የዓመቱ ወለድ 6,000 ብር ነው። በየሰፈራችን በወር ከመቶ 10 የሚጠይቅ ሰው ብርቅ አይደለም፤ በሱ ሲሰላ በዓመት 60,000 ብር ይሆናል፣ ከዋናው ገንዘብ በላይ። እንዲህ ያለ ዕዳ ላይ በየወሩ 5,000 ብር ሳታቋርጥ የላከች ልጅ ዓመት ሙሉ ከፍላ ዋናው ገንዘብ ቁጭ ብሎ ይጠብቃታል። ጎበዝ ስላልሆነች አይደለም። የዕዳው አሠራር ነው።

በገጠር ደግሞ ወለድ አገድ አለ። ይህም የቆየ ነው፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉም በስሙ ያውቀዋል። ገበሬው ገንዘብ ተቀብሎ መሬቱን ለአበዳሪው ይለቅለታል። አበዳሪው እያረሰ ምርቱን ይወስዳል፤ ምርቱ በወለድ ፋንታ ይቆጠራል፣ ወለዱን ያግዳል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ታዲያ ዋናው ብር አንድ ሳንቲም አይቀንስም። አምስት ዓመት ቢታረስም የተበደሩት ሙሉ ገንዘብ ካልተመለሰ መሬቱ አይመለስም። ስንቶቻችን ነን ወደዚህ አገር ስንመጣ አባታችን ወይም ወንድማችን መሬት ያስያዘልን? እንዲህ ያለ ዕዳ ያለባት እህት ማወቅ ያለባት፣ በትንሽ በትንሹ የምትልከው ገንዘብ ከዋናው ላይ እንዲቀነስ አበዳሪው አስቀድሞ ካልተስማማ ቤት ውስጥ ተበልቶ እንደሚያልቅ ነው። ወይ ስምምነቱን ማስለወጥ ነው፣ ወይ ገንዘቡን ለብቻው አጠራቅሞ አንዴ ማስፈታት።

አሁን ያለንበት አገርም የራሱ የዕዳ ታሪክ አለው። እዚህ ሪያድ በረሃው መሀል ሆነን አይታሰበንም እንጂ፣ ነዳጅ ከመገኘቱ በፊት በምሥራቁ ባሕር ዳር በዳሪን፣ በቀጢፍ፣ በጁበይል፣ ከባሕሩ ማዶም በባህሬን ሰው የሚኖረው ሉል ከባሕር በማውጣት ነበር። ሥራው በበጋ 4 ወር ገደማ ነው። ጠላቂው ከመሄዱ በፊት ኖኸዛ ከሚባለው የጀልባ አለቃ ቅድሚያ ገንዘብ ይወስዳል፣ ለቤተሰቡ ትቶ ይሄዳል። ሩዙንም ተምሩንም በዱቤ ይወስዳል። ወቅቱ ሲያልቅ አለቃው ሒሳቡን ያነብለታል። ጠላቂው ማንበብ አይችልም፣ ደብተሩም በአለቃው እጅ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሰማው «አሁንም ይቀርሃል» የሚል ነው። ዕዳውን ሳይጨርስ ሌላ ጀልባ ላይ መሥራት አይችልም፤ ሲሞት ደግሞ ዕዳው ወደ ልጁ ይተላለፋል። ከጠላቂዎቹ መካከል ከአፍሪካ በባርነት የተወሰዱ ሰዎችም ነበሩ።

በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባህሬን ውስጥ ይህ ነገር ተለወጠ። እያንዳንዱ ጠላቂ ሒሳቡ የተጻፈበት የራሱ ደብተር በእጁ እንዲኖረው ታዘዘ፣ የአባት ዕዳ ወደ ልጅ መተላለፉም እንዲቀር ተደረገ። አለቆቹ ተቆጡ፣ ይህስ ይጠበቃል። የሚገርመው ጠላቂዎቹም ደስ አላላቸውም፤ ለውጡ ቅድሚያ የሚሰጠውን ገንዘብ ስለቀነሰው እስከ ወቅቱ ድረስ ቤተሰባችን ምን ይበላል ብለው። በ1932 (እ.ኤ.አ.) በዚሁ በቅድሚያ ገንዘብ ምክንያት ረብሻ እስከማንሳት ደርሰዋል። እኔ አልፈርድባቸውም። የዛሬ እንጀራ ያስጨነቀው ሰው የነገ ደብተር አይታየውም። ግን ደብተሩ ነው ትልቁ ነገር። ስንት እንዳለበት ራሱ የሚያውቅ ሰው «ገና ይቀርሃል» ሲሉት «አሳየኝ» ማለት ይችላል።

ወደ እኛው ልመለስ። አዋጅ ቁጥር 923/2008 የቪዛውንና የደርሶ መልስ ቲኬቱን ወጪ በአሠሪው ላይ ነው የጣለው፤ የሠራተኛዋ ፓስፖርት፣ የሕክምና ምርመራ፣ ክትባትና የመሳሰለው ነው። ታዲያ ያ ሁሉ ዕዳ ከየት መጣ? ደላላው ነው መልሱ። በሕጋዊ መንገድ ሳይሆን በየመን በኩል የመጡት ደግሞ ዕዳቸው በረሃ ላይ በስልክ ነው የተቆረጠው፣ ቤተሰብ እያለቀሰ።

በጥቅምት 2006 ዓ.ም. መንግሥታችን ለሥራ ወደዚህ መምጣትን አገደ። በዚያው ወር መጨረሻ ሳዑዲ ወረቀት የሌላቸውን ማፈስ ጀመረች፣ ማንፉሃም ተረበሸች፣ ሰው ሞተ። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። ብዙዎቹ በነጠላ ጫማ ነው የገቡት። ዕዳው ግን አብሮ አልተባረረም፣ ቤት ቁጭ ብሎ ጠበቃቸው። እገዳው ተዘግቶ የቆየው እስከ 2010 ዓ.ም. ነው፣ በዚያ ሁሉ ጊዜ ግን ያንን ዕዳ ለመክፈል በባሕር ተመልሰው የመጡ እናውቃለን። ዕዳ ለመክፈል ሌላ ዕዳ ገብተው ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ትልቁ ነገር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የሆነው ነው። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ። ከዚያ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፣ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ሪያል ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ በ3.75 ለአንድ ዶላር ታስሮ የቆመ ነው። ስለዚህ በባንክ 15 ብር የነበረው ሪያል 27 ብር ገደማ ገባ። 60,000 ብር ዕዳ የነበረባት ልጅ ሐምሌ መጀመሪያ ላይ 4,000 ሪያል ያስፈልጋት ነበር፣ ከዚያ በኋላ ወደ 2,200 ሪያል። ይህን ጊዜ ዕዳቸውን የዘጉ ጎበዞች አሉ። ዕዳዋ በሪያል ወይም በዶላር የተነገረባት ግን ምንም አልቀለላትም፤ አገር ቤት ያለው ቤተሰቧ በብር እከፍላለሁ ቢል ጭራሽ እጥፍ ሊሆንበት ነው። አንዳንድ አበዳሪም «ያኔ የሰጠሁህ ብር የዛሬው ብር አይደለም» ማለት ጀምሯል። በብር ነው የተዋዋልነው? ማን ሰማ? የት ተጻፈ? ደብተር የሌላት እዚህ ጋ ነው የምትረታው።

የአንዲት ሴት ውል ብዙውን ጊዜ 2 ዓመት ነው፣ 24 ደመወዝ። ደመወዟ 1,000 ሪያል ከሆነ በየወሩ 400 ለዕዳ ብትለይ በ24 ወር 9,600 ሪያል ነው፣ ከዚያ አያልፍም። ዕዳው ከዚህ በላይ ከሆነ በአንድ ውል እንደማያልቅ ከመጀመሪያው ማወቅና ለአበዳሪውም መናገር ይሻላል። የሚከብደው መጀመሪያው አይደለም። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ይልካል። መካከሉ ነው፣ ስምንተኛው ዘጠነኛው ወር። ፋሲካ ይመጣል፣ ዒድ ይመጣል፣ የወንድም ሠርግ ይመጣል፣ እናት በስልክ ጣራው ያፈሳል ትላለች። አንድ ወር ይዘለላል፣ ከዚያ ሁለተኛው ይቀላል። ማዳም ደግሞ የሁለት ሦስት ወር ደመወዝ አጠራቅማ የምትሰጥ ከሆነች በየወሩ በዚህ ቀን እከፍላለሁ ማለት ራስን ማዋሸት ነው። «ደመወዝ በገባ በሳምንቱ» ብሎ መዋዋል ይሻላል፤ የድሮ ገበሬ እህል ሲገባ እንዳለው መሆኑ ነው። እዚህ አገር ከሐምሌ 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአዲስ ውል የገቡ የቤት ሠራተኞች ደመወዝ በባንክ ወይም በስልክ ቦርሳ በሙሳነድ በኩል እንዲከፈል ታዟል። ይህ ጥሩ ነው፣ ገንዘቡ መግባቱ በጽሑፍ ይታያል። ዕዳው መቀነሱን ግን ሙሳነድ አይጽፍልንም።

ዕቁብን ሁላችንም የቁጠባ ነገር አድርገን ነው የምናየው። ዕቁብ ግን ዕዳ መክፈያም ነው። ከጣልያን ወረራ በኋላ በአዲስ አበባ በተለይም በመርካቶ ነጋዴ ዘንድ የተስፋፋው ባንክ የማያበድረው ሰው ስለሚበዛ ነው። አስቡት፣ 20 ሴቶች በወር 200 ሪያል ቢጥሉ 4,000 ሪያል ነው። የመጀመሪያዋ ባለዕጣ ይህን ወስዳ ቀሪውን 19 ወር ትጥላለች፤ 19 ወር የሚከፈል ወለድ የሌለው ዕዳ ገባች ማለት ነው። እና ትከፍላለች! ዕቁብ የሚዘል ሰው ስንት ታውቃላችሁ? አበዳሪን ሦስት ወር የምታስጠብቅ ልጅ እኮ ዕቁብ አንድ ቀን አታሳልፍም። ዳኛ አለ፣ ጸሐፊ አለ፣ ብሩን ከመውሰድ በፊት ዋስ ይጠየቃል፣ ስንት ዙር እንደቀረ ሁሉም ያውቃል። ከሰንሰለቱ በቀር የድሮው ነገር ሁሉ እዚያ አለ። እጣው ቶሎ የደረሳት ልጅ በዚያ ብር የአራጣውን ዕዳ ዘግታ ለዕቁቡ ብቻ ብትከፍል ወለዱ ቆመላት ማለት ነው። ይህ ግን የሚሠራው ከውሏ የቀረው ጊዜ ከዙሩ ካላነሰ ነው። ዙሩ ሳያልቅ ወደ አገሯ የምትገባ ከሆነ ዋሷን ነው የምታስቆራኘው።

አገር ቤት ያለውን ዕዳም እንዲሁ ማድረግ ይቻላል። አበዳሪው፣ ከቤተሰብ አንድ ሰው፣ ከሰፈር አንድ ሽማግሌ፣ አንድ ደብተር። በየጊዜው የተከፈለው ይጻፋል፣ አበዳሪው ይፈርማል፣ ፎቶው በስልክ ይላካል። የፍትሐ ብሔር ሕጉም የከፈለ ሰው ደረሰኝ መጠየቅ እንደሚችል ይላል፣ ስለዚህ መጠየቅ ነውር አይደለም። ዕዳው ሲያልቅ የውሉን ወረቀት ማስመለስ ነው። አንዲት የማውቃት ልጅ የመጨረሻውን 5,000 ብር ስትልክ አበዳሪው «ወረቀቱ ጠፋብኝ» አለ። አባቷ እሺ ብለው ሊመለሱ ሲሉ ዋስ የነበሩት ሽማግሌ «እንግዲያው ሌላ ጻፍ» አሉት። ተቀምጦ ጻፈ፣ ምንም የሚቀረኝ ገንዘብ የለም ብሎ ፈረመ። የዚያ ወረቀት ፎቶ ስልኳ ላይ አለ፣ ለኔም አሳይታኛለች። የሽማግሌው ፊርማ ከአበዳሪው ይበልጣል።