ፊሌት፦ ከክር እስከ ሥጋ

ፊሌት የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል «አጥንት የሌለው ሥጋ ወይም ዓሣ» ብሎ መተርጎም ስህተት ባይሆንም የቃሉን ሥር ይሸፍናል። ቃሉ የመጣው ከፈረንሳይኛው «ፊሌ» ነው፤ እሱም ክር ማለት ከሆነው «ፊል» የወጣ ማሳነሻ ሲሆን የሩቅ ምንጩ የላቲኑ «ፊሉም» ነው። እንግሊዝኛ በ14ኛው መቶ ዘመን ሲቀበለው ፀጉር የሚታሰርበትን ጥብጣብ ይጠራበት ነበር። የሥነ ሕንፃ ሰዎች ዛሬም በሁለት ቅርጾች መካከል የምትገባውን ጠባብ ጠፍጣፋ ጌጥ ፊሌት ይሏታል። በእነዚህ ውስጥ የአጥንት ነገር ከቶ አይነሣም፤ የሚያገናኛቸው ቀጥኖ መርዘም ነው። ሥጋውንም ያስጠራው ይኸው መልክ ይመስለኛል። የበሬ ፊሌት፣ የእኛ ጭቅና፣ ከአከርካሪው ሥር የተጋደመ ረጅም ጡንቻ ነው፤ ብዙ ሥራ ስለማይሠራም ይለሰልሳል።

«ገበያተኛው ግን የሚፈልገው አጥንት ስለሌለው ነው» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ግሡም ዛሬ አጥንት ማውጣት ማለት ሆኗል። ሆኖም በሳልመን ፊሌት ላይ ብዙ ጊዜ መርፌ የመሰሉ አጥንቶች ይቀሩና በወረንጦ ይለቀማሉ፤ ከመለቀማቸው በፊትም ስሙ ያው ፊሌት ነው። አጥንት አልባነት ብቻውን ቢበቃማ ሙዳ ሥጋ ሁሉ ፊሌት በተባለ ነበር። በቅርጽ የሚቀርበው የእኛ ቃል ዝልዝል ነው፤ ነገር ግን ዝልዝል በጣም ይቀጥናል፣ የዓሣ ፊሌት ደግሞ ከአከርካሪው ተላቅቆ የወጣ አንድ ሙሉ ጎን ነው። ስለዚህ ተርጓሚዎች፣ ለበሬው «ጭቅና» በሉ፤ ለዓሣው «ከአጥንቱ የተላቀቀ የዓሣ ጎን» ብላችሁ ጻፉ።