«አደራጁ» እና ሂልደ ማንጎልድ

እ.ኤ.አ. በ1921 በጸደይ ወራት፣ በጀርመን አገር በፍራይቡርግ ዩኒቨርሲቲ፣ ሂልደ ፕረሾልት የተባለች ተማሪ የዶክትሬት ሙከራዋን ጀመረች። መሣሪያዋ በእሳት ተስቦ የቀጠነ የመስተዋት መርፌና ከሕፃን ፀጉር የተበጀ ቀለበት ነበር። እንሽላሊት ከሚመስል የውኃ እንስሳ፣ ነጣ ካለው ዝርያ ፅንስ ቅንጣት ቆርጣ፣ ጠቆር ባለው የሌላ ዝርያ ፅንስ የሆድ ወገን ላይ ተከለች። ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ባልነበረበት በዚያ ዘመን አብዛኞቹ ፅንሶች ሞቱ። በተረፉት ጥቂቶች ላይ ግን ሁለተኛ አካል በቀለ፤ የዚህም አካል ነርቭ በአመዛኙ የተሠራው ከተቀባዩ ከጠቆረው ሥጋ ነበር። የቀለሙ ልዩነት ባይኖር ኖሮ ይህ ባልታወቀም ነበር። የተተከለው ቅንጣት እንግዲህ ለራሱ ብቻ አላደገም፤ ጎረቤቶቹን አዝዞ አሠራቸው። መምህሯ ሐንስ ሽፔማን «አደራጅ» አለው።

ጽሑፉ በ1924 ሲታተም፣ በጋብቻ ማንጎልድ ከተባለችው ከሂልደ ስም የሽፔማን ስም ቀደመ። የሌሎቹ ተማሪዎች ሥራ በየስማቸው ብቻ ይወጣ ስለ ነበር ቅር መሰኘቷን ባልደረባዋ ቪክቶር ሃምቡርገር ከብዙ ዓመታት በኋላ ጽፏል። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር፣ በማእድ ቤት ማሞቂያ በደረሰ ቃጠሎ በ25 ዓመቷ አረፈች። የ1935ቱ የኖቤል ሽልማት ለሽፔማን ብቻ ተሰጠ። ሽልማቱ ለሙታን ስለማይሰጥ በዚህ ማንንም መውቀስ አይቻልም፤ የስሞቹ ቅደም ተከተል ግን የተወሰነው እርሷ በሕይወት ሳለች ነው። ዛሬ ብዙ የመማሪያ መጻሕፍት አደራጁን በሁለቱም ስም ይጠሩታል።