ፎቶ ደግሞ ይማሩታል እንዴ?

ፒያሳ የነበረው የአክስቴ ቤት በ2016 ዓ.ም ፈረሰ። አክስቴ ኮንዶሚኒየም ገባች። ዕቃው ሁሉ ቦታ ቦታውን ከያዘ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦ «ያቺን ቤቴን በትልቁ አሳጥበህ አምጣልኝ፤ ሳሎን እሰቅላታለሁ።»

ቀላል ሥራ መሰለኝ። ሶፍትዌር ዴቨሎፐር ነኝ፤ ያጠራቀምኩትን 11,000 ገደማ ፎቶ አንድ በአንድ ማገላበጥ አይጠበቅብኝም። ፎቶ የተነሳበትን ቦታ የሚያነብ አጭር ኮድ ጻፍኩና ከቤቱ 50 ሜትር ዙሪያ የተነሱትን ብቻ አስለየሁ። 614 ፎቶ መጣ።

ሳያቸው አመሸሁ። ልደት አለ፣ ኬክ አለ፣ የፋሲካ ዶሮ አለ፣ የኔ ፊት አለ። በጣም ብዙ የኔ ፊት አለ። ቤቱ ግን የለም። የበረንዳው እንጨት ከሆነ ሰው ጆሮ ጀርባ ደብዝዞ ይታያል። የደረጃው ግማሹ አለ፤ የቀረውን የአጎቴ ትከሻ ጋርዶታል። ከልጅነቴ ጀምሮ የወጣሁ የወረድኩበትን ቤት አንዴም ቆም ብዬ አላየሁትም ማለት ነው።

ነገሩን ያከበደብኝ ሌላ ነው። ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ የአክስቴ የመጨረሻ ልጅ «ፎቶግራፍ ኮሌጅ ገብቼ መማር እፈልጋለሁ» ብላ ቤቱ ታምሶ ነበር። አክስቴ «አንተ የተማርከው ምከራት እንጂ» ብላ ጠራችኝ። እኔም መከርኳ! «ፎቶ እኮ ዩቲዩብ ላይ በሁለት ሳምንት የሚያልቅ ነገር ነው። ካሜራው ራሱ ነው የሚሠራው። ለዚህ ተብሎ አራት ዓመት ይቃጠላል?» አልኳት። ዝም አለች። ዝምታዋን እንደ መስማማት ቆጠርኩት።

ከ614ቱ ፎቶ በኋላ ግን ጥያቄው ወደኔ ዞረ። ካሜራው ራሱ የሚሠራ ከሆነ የኔ ካሜራ ቤቱን ለምን አላየውም? ለመሆኑ ሰው ፎቶግራፍን ኮሌጅ ገብቶ የሚማረው ምን ሊማር ነው? ይሄን ሐሳብስ ማን አመጣው? ማንበብ ጀመርኩ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ካልተገለጸ በቀር በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ለረጅም ጊዜ ፎቶ የሚለመደው እንደ ማንኛውም የእጅ ሙያ ነበር። ፎቶ ቤት ትገባለህ፣ ከባለሙያው ሥር ሆነህ መድኃኒቱን መበጥበጥ፣ ወረቀቱን ማጠብ ትለምዳለህ፣ አለቀ። በ1907 ግን ኒው ዮርክ ያለው የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የመምህራን ኮሌጅ ክላረንስ ዋይትን ፎቶግራፍ እንዲያስተምር ቀጠረ። ዋይት ኦሃዮ ውስጥ በአንድ የምግብ ሸቀጥ ጅምላ ድርጅት ሒሳብ ያዥ የነበረ ሰው ነው። በ1914 የራሱን ትምህርት ቤት ከፈተ። በኢኮኖሚ ድቀቱ ዘመን የተሰደዱ ገበሬዎችን በማንሳት የታወቀችው ዶሮቲያ ላንግ የሱ ተማሪ ነበረች።

ታሪኩ መልክ የያዘው ግን ቺካጎ ላይ ነው። የሃንጋሪ ተወላጁ ላስሎ ሞሆይ-ናጅ ሕግ ተማሪ ሳለ ለአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመተ፣ ቆሰለ፣ ሥዕል ውስጥ ገባ። ከ1923 እስከ 1928 ጀርመን ውስጥ በታዋቂው የባውሃውስ ትምህርት ቤት አስተማረ። ባውሃውስ በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ተዘጋ። በ1937 ሞሆይ-ናጅ ቺካጎ መጥቶ «አዲሱ ባውሃውስ» የተባለውን ትምህርት ቤት ከፈተ። በዓመቱ ገንዘብ አልቆ ተዘጋ። በ1939 በሌላ ስም እንደገና ከፈተው፤ ከ1944 ጀምሮ ኢንስቲትዩት ኦፍ ዲዛይን ተባለ።

እዚያ ተማሪው መጀመሪያ የሚሠራው በካሜራ አልነበረም። ጨለማ ክፍል ገብቶ ብርሃን የሚያነበውን ወረቀት ይዘረጋል፤ ቁልፍ፣ ቅጠል፣ ብርጭቆ፣ ያገኘውን ያስቀምጥበትና መብራት ያበራበታል። ወረቀቱ ሲታጠብ የዕቃዎቹ ጥላ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ፎቶግራም ይባላል። ሌላው ልምምድ ደግሞ አንድ ነጭ ወረቀት አጣጥፎ ብርሃን ከተለያየ አቅጣጫ ሲመታው ማንሳት ነው።

ይሄን ሁለተኛውን አንድ ማታ መብራት ሲጠፋ በሻማ ሞከርኩት። ወረቀቱ ያው ነው። ሻማውን ባዞርኩ ቁጥር ግን ሌላ ነገር ይሆናል፦ አንዴ ተራራ፣ አንዴ ደረጃ፣ አንዴ ደግሞ ምንም። ሠላሳ ያህል ፎቶ አነሳሁ። ጥላው የት እንደሚወድቅ አስቤ ፎቶ ሳነሳ የመጀመሪያዬ ነበር። ይሄ ነገር ኮድ ስማር የመጀመሪያዎቹን ልምምዶች አስታወሰኝ። እነዚያም ዋጋ ያለው ፕሮግራም አይሠሩም፤ አስተሳሰብህን ነው የሚሠሩት።

ሞሆይ-ናጅ በ1946 በደም ካንሰር ሞተ። በዚያው ዓመት ሃሪ ካላሃን እዚያው ማስተማር ጀመረ። እኔን የያዘኝ ይሄ ሰውዬ ነው። ዲትሮይት ተወለደ፤ ኢንጂነሪንግ ሊማር ኮሌጅ ገባና አቋርጦ ወጣ፤ የክራይስለር መኪና ኩባንያ ሠራተኛ ሆነ። ካሜራ የገዛው በ1938፣ በ26 ዓመቱ ገደማ ነው። ከስምንት ዓመት በኋላ የኮሌጅ መምህር ሆነ። ዲግሪ የሚባል ነገር አልነበረውም። በ1951 የጋበዘው ባልደረባው አሮን ሲስኪንድም ኒው ዮርክ ውስጥ ከ20 ዓመት በላይ እንግሊዝኛ ያስተማረ ሰው ነው። አስቡት፦ ሒሳብ ያዥ፣ ሕግ ተማሪ፣ የመኪና ፋብሪካ ሠራተኛ፣ የእንግሊዝኛ መምህር። የፎቶግራፍን የኮሌጅ ትምህርት ያቆሙት ራሳቸው በኮሌጅ ያልተማሩት ሰዎች ናቸው።

ካላሃን ንግግር የሚወድ ሰው አልነበረም። ጠዋት ካሜራውን ይዞ ከተማውን ይዞራል፣ ከሰዓት ያነሳውን ያጥባል። ሚስቱን ኤሌኖርን ለብዙ ዓመታት ደጋግሞ አነሳት፦ ክፍል ውስጥ፣ ሐይቅ ዳር፣ ሜዳ ላይ፣ ከልጃቸው ከባርባራ ጋር። ሲሞት 100,000 ገደማ ኔጋቲቭ ትቶ ነው። በቁጥር ብቻ ካየነው እኔም እዚያ እደርሳለሁ፤ ስልክ በእጃችን ነው። ልዩነቱ እሱ ወደ አንድ ነገር ደጋግሞ ይመለሳል፤ እኔ አንዴ አንስቼ እሄዳለሁ።

ጊዜውም ረድቷቸዋል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮች በ1944ቱ ሕግ መሠረት መንግሥት እየከፈለላቸው ኮሌጆችን ሞሉ። በ1949 ኢንስቲትዩቱ ከኢሊኖይ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ጋር ተቀላቀለ፤ ማለትም ከኢንጂነሪንግ ኮሌጅ ጋር። ስለዚህ በፎቶግራፍ ሁለተኛ ዲግሪ የያዙት ተመራቂዎች የተሰጣቸው ማዕረግ «ማስተር ኦፍ ሳይንስ» ነበር። ይሄን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። የአክስቴን ልጅ «እንደኔ ሳይንስ ተማሪ» ብያት ነበራ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሲስኪንድ ለተማሪዎቹ አንድ አሳይመንት ሰጠ፦ የሉዊስ ሱሊቫንን ሕንፃዎች አንሱ። ሱሊቫን የረጃጅም ሕንፃዎች አባት የሚባል አርክቴክት ነው፤ በ1924 ደኽይቶ ሞተ። ተማሪዎቹ ሥራውን ሲጀምሩ ቺካጎ ያሉት ሕንፃዎቹ ለመኪና ማቆሚያና ለአዲስ ግንባታ እየተባለ ይፈርሱ ነበር።

ከተማሪዎቹ አንዱ ሪቻርድ ኒክል ይባላል። አሳይመንቱን ጨርሶ ማርክ ይዞ መሄድ ይችል ነበር። አልሄደም። አንድን ሕንፃ በትክክል ለማንሳት ጠዋት ታየዋለህ፣ ማታ ታየዋለህ፣ ጌጡ በስንት ሰዓት ፀሐይ እንደሚያገኝ ታውቃለህ። እንደዚህ ካየኸው በኋላ ሲፈርስ ዝም ብለህ ማለፍ አትችልም። ኒክል በ1957 የማስተርስ መመረቂያውን በሱሊቫንና በሸሪኩ በአድለር ሕንፃዎች ላይ ሠራ፤ ከዚያም ቀጠለ። ጋሪክ የተባለው ቲያትር ሊፈርስ ሲል መፈክር ይዞ ሰልፍ ወጣ። ቲያትሩ በ1961 ፈረሰ። እሱም አፍራሾቹ መሐል ገብቶ የተቀረጹትን ጌጦች እየነቀለ አወጣ።

በሚያዝያ 1972 ኒክል እየፈረሰ ባለው የቺካጎ ስቶክ ኤክስቼንጅ ሕንፃ ውስጥ ጌጥ ሊያድን ብቻውን ገባ። ሕንፃው ተደረመሰበት። አስከሬኑ የተገኘው ከአራት ሳምንት ያህል በኋላ ነው። 43 ዓመቱ ነበር። ለዓመታት ሲያዘጋጀው የነበረው የሱሊቫንና የአድለር መጽሐፍ የታተመው በ2010 ነው።

ፎቶ ቤት ያድናል እያልኩ አይደለም፤ አላዳነም። እንደ ኒክል ሙቱ እያልኩም አይደለም። ግን አንድ የኮሌጅ አሳይመንት አንድን ሰው እንዲያይ አደረገው፣ እሱ ስላየም ዛሬ እነዚያ ሕንፃዎች ምን እንደሚመስሉ ይታወቃል። የአክስቴ ቤት ምን እንደሚመስል ግን 614 ፎቶ ይዤ ማሳየት አልችልም።

ያ ሕንፃ ሲፈርስ የድርሻ መገበያያ አዳራሹ ክፍሎች ድነው ነበር፤ ዛሬ አዳራሹ ቺካጎ አርት ኢንስቲትዩት ውስጥ ተመልሶ ቆሟል። ይሄን ስም ሳነብ ቆም አልኩ። አለ ፈለገ ሰላም በ1954 የተመረቁት ከዚያው ተቋም ትምህርት ቤት ነው። እሳቸው ሥዕል በሚማሩበት ዘመን ካላሃንና ሲስኪንድ እዚያው ከተማ ያስተምሩ ነበር። ተገናኝተዋል የሚል ነገር የለኝም፤ ከተማው አንድ፣ ዘመኑ አንድ መሆኑ ብቻ ገረመኝ። አለ አገራቸው ተመልሰው በ1950 ዓ.ም ገደማ ዛሬ በስማቸው የሚጠራውን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አዲስ አበባ ላይ መሠረቱ።

ሚካኤል ፀጋዬ ከዚያ ትምህርት ቤት በሥዕል የተመረቀ ነው። የዘይት ቀለም አለርጂ ሲሆንበት ብሩሹን ትቶ ካሜራ ያዘ፤ አዲስ አበባ ስትፈርስና ስትገነባም አነሳት። በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስትን የመሠረተችው አይዳ ሙሉነህም ዋሽንግተን ባለው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊልም ነው የተማረችው። ሁለቱም ወደ ፎቶ የገቡት በጎረቤት በር ነው። ግን ማየትን የሚያስተምር ክፍል ውስጥ ቁጭ ብለው አልፈዋል።

«ሥራስ ያስገኛል?» ካላችሁኝ፣ አልዋሻችሁም፦ ካላሃንም ሲስኪንድም የኖሩት በማስተማር ነው፤ ብዙ ተማሪዎቻቸውም አስተማሪ ነው የሆኑት። የኔ ሙያ የተሻለ ይከፍላል። ይሄን ለአክስቴ ልጅም አልደበቅኩም። ግን የሰጠኋትን ምክር ቤቷ ድረስ ሄጄ መልሼ ወሰድኩ። ዩቲዩብ ካሜራውን ያስተምራል፤ በዚህ አልተሳሳትኩም። አንድ ነገር ፊት ደጋግሞ የሚያስቆምህ፣ ያመጣኸውን አይቶ «አላየኸውም፣ ተመለስ» የሚልህ ሰው ግን ዩቲዩብ ላይ የለም። እሷም ሰምታ ስታበቃ «ይሄን ለማወቅ ቤት መፍረስ ነበረበት?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። አሁን ለመግቢያ ፈተና ሥዕል እየተለማመደች ነው።

ለአክስቴም ፎቶ አሳጠብኩላት። ከ614ቱ የተሻለውን፣ ግማሽ ደረጃ ያለበትን። ሳሎን ሰቅላዋለች። እንግዳ በመጣ ቁጥር ጣቷን ትቀስርና «ቤቴ ከዚህ ጀርባ ነበር፤ ይሄ ወፍራም ወንድሜ ጋርዶብኝ ነው» ትላለች። ሁሉም ይስቃል። እኔ ግን ፎቶውን ያነሳው ማን እንደሆነ አውቃለሁ።